ለቄብ ዶሮ ፎስፈረስ ከየት እንግዛ? አጥንት፣ ዲሲፒ ወይስ ፋይቴዝ

አምና 300 ቄብ ይዤ ሰባተኛው ሳምንት ላይ ጉድ ሆንኩ። ጠዋት ቤቱን ስከፍት እንደ ወትሮው ግር ብለው አልመጡም። ሃያ የሚሆኑት ከተኙበት አልተነሱም፤ ቁጭ እንዳሉ ነው የሚበሉት። አንዷን አንስቼ ምንቃሯን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ ላስቲክ ታጠፈ።

መቼም ዶሮ ሲታመም ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ነው። «ካልሲየም አጥሯቸው ነው» ተባልኩ። ላይምስቶን (የተፈጨ የኖራ ድንጋይ) ጨመርኩላቸው። ባሰባቸው። የእንስሳት ሐኪሙ ግን ስለ ካልሲየም አንድም ቃል አልተነፈሰም። «ወንድሜ፣ ዲሲፒውን ከየት ነው የገዛኸው?» አለኝ። ዲሲፒ መኖ ላይ ለፎስፈረስ ብለን የምንጨምረው ነጭ ዱቄት ነው። ከጆንያው አንድ ማንኪያ ጨልፌ ወሰድኩለት። አቼቶ ሲያፈስበት እንደ አምቦ ውሃ ፈላ። ዲሲፒ ብዬ የገዛሁት ዱቄት አብዛኛው የተፈጨ ድንጋይ ነበር። የሸጠልኝም ሰው ተሸውዶ ይሆናል፣ እሱን ተዉት።

አቦ፣ ነገሩ ያስቃል። ድሬዳዋ ካልሲየም ቸግሯት አያውቅም። ዙሪያችን የኖራ ድንጋይ ነው። ሲሚንቶ የሚመረተው ከእሱ ነው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም ካልሲየም ነው። የሚያንሰን ፎስፈረስ ነው፤ እሱ ደግሞ ከድንጋዩ አይገኝም። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ስለሆኑ ገበያ ላይ ይምታታሉ። ይህን የምጽፈው መኖ ራሳችሁ ለምትቀላቅሉ ነው፤ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ግቢያችሁ ውስጥ 200 ቄብ ላላችሁም፣ ሐረር ላይ 2,000 ለያዛችሁም።

እህሉ ውስጥ ያለው የት ይሄዳል?

መጀመሪያ አንድ ስሌት እንሥራ። ለአንድ ኩንታል የቄብ መኖ 60 ኪሎ በቆሎ፣ 15 ኪሎ ፉርሽካና 20 ኪሎ ፋጉሎ ቀላቀልን እንበል። የቀረው 5 ኪሎ ለማዕድን፣ ለጨውና ለፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የጥቃቅን ማዕድን ድብልቅ) ነው። በዚህ ድብልቅ ውስጥ ወደ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ፎስፈረስ አለ። በወረቀት ላይ ከበቂ በላይ ነው።

ችግሩ ፎስፈረሱ ተቆልፎበታል። እህልና ፋጉሎ ፎስፈረሳቸውን የሚያስቀምጡት ፋይቴት በሚባል ነገር ውስጥ ነው። በበቆሎና በማሽላ ከ100 እጅ 70 ያህሉ በዚያ መልክ የታሰረ ነው፤ በፉርሽካ ከዚያም ይበልጣል። ቁልፉን የሚከፍተው ፋይቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ዶሮ ይህን ኢንዛይም በበቂ መጠን አታመርትም። አሳማም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ከዚያ ግማሽ ኪሎ ቄቧ የምትጠቀምበት 120 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ሌላው ከኩሱ ጋር ይወጣል።

ስንት ያስፈልጋታል? የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሰሌዳ መሠረት፣ ከፋይቴት ውጭ የሆነው ፎስፈረስ ለእንቁላል ጣይ ጫጩት እስከ 6 ሳምንት 0.40 በመቶ ይሁን ይላል። ከ6 እስከ 12 ሳምንት 0.35፣ ከ12 እስከ 18 ሳምንት 0.30 ነው። ካልሲየሙ መጀመሪያ 0.90፣ ከዚያ 0.80 በመቶ ነው። የዘሩ አርቢ ድርጅት መመሪያ በእጃችሁ ካለ የእሱን ተከተሉ፤ ብዙ ጊዜ ከዚህ ከፍ ያደርገዋል። ለድሬ ሙቀት ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ። ዶሮ ሲሞቃት ትንሽ ነው የምትበላው። ትንሽ ከበላች በየጉርሻው የሚገባው ማዕድን ከፍ ማለት አለበት። ሐረር ላይ ይህ ያን ያህል አያሳስብም።

ለ8 ሳምንት ቄብ እናስላ። በኩንታል 350 ግራም ያስፈልጋል፣ ያለን 120 ነው። ጉድለቱ 230 ግራም። ከዚህ በታች የማወዳድረው ሁሉ ይህን 230 ግራም ከየት እናምጣው ለሚለው ጥያቄ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

የጆንያ ዋጋ አይታችሁ አትወስኑ። የምትገዙት ዱቄት አይደለም፣ ውስጡ ያለውን ፎስፈረስ ነው። ለስሌት ያህል ብቻ፣ ዲሲፒ በኪሎ 120 ብር፣ የአጥንት ዱቄት 70 ብር ነው እንበል። አጥንቱ የረከሰ ይመስላል። ዲሲፒ 18 በመቶ ፎስፈረስ አለው፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ፎስፈረስ በ667 ብር ገዛችሁ ማለት ነው። የአጥንቱ ዱቄት 12 በመቶ ከሆነ 583 ብር ይመጣል። ግን የአጥንቱ ፎስፈረስ ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ከዲሲፒው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚፈጨው፤ ከ100 እጅ 85 ያህሉ ይሠራል ብንል 686 ብር ይሆናል። ርካሹ ተወደደ። የየዕለቱን ዋጋ በዚህ ቦታ ተኩና ራሳችሁ ሥሩት፤ ስልካችሁ ላይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው መመዘኛ አብሮ የሚመጣው ካልሲየም ነው። ጥሩው ሚዛን ዶሮዋ ለምትጠቀምበት አንድ እጅ ፎስፈረስ ሁለት እጅ ያህል ካልሲየም ነው። ካልሲየም ሲበዛ አንጀት ውስጥ ፎስፈረሱን ያስረዋል። የእኔ ቄቦች ላይምስቶን ስጨምርላቸው የባሰባቸው ለዚህ ነው። የእንቁላል ጣይ መኖ ለቄብ ቀደም ብሎ መስጠትም ኩላሊት ይጎዳል። «ውሃችን ራሱ ካልሲየም አይደል፣ ላይምስቶኑን ልተወው?» የሚሉኝ አሉ። አትተዉት። በጣም ጠጣር የሆነ ውሃ በሊትር 150 ሚሊ ግራም ካልሲየም ቢይዝ፣ በቀን አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ውሃ የምትጠጣ ቄብ 30 ሚሊ ግራም ታገኛለች። ከመኖዋ የምትፈልገው ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ማንቆርቆሪያው ያስፈራል እንጂ ለዶሮዋ ኢምንት ነው።

ሦስተኛው ደህንነት ነው፤ ጀርምና ፍሎሪን። አራተኛው ደግሞ በእኛ ሙቀትና በእኛ አካፋ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። በእኛ ሀገር አንድ ተጨማሪ ጥያቄም አለ። ደንበኛ «አጥንቱ የምን እንስሳ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ሊኖራችሁ ይገባል። ከውጭ የመጣ የሥጋና አጥንት ዱቄት ከሆነ ሻጩን በደንብ አጣሩ።

የአጥንት ዱቄት

በእንፋሎት የበሰለ ጥሩ የአጥንት ዱቄት ከ12 እስከ 14 በመቶ ፎስፈረስ፣ ከ24 እስከ 30 በመቶ ካልሲየም አለው። ለ230 ግራሙ 2.2 ኪሎ ያህል ይፈልጋል። ካልሲየም ስለሚያመጣ ላይምስቶኑን ወደ ግማሽ ኪሎ ዝቅ ታደርጉታላችሁ። አጥንቱ ከከተማው ቄራና ከሥጋ ቤት ይገኛል። ሐረር ላይማ አጥንት ሌላ ደንበኛ አለው። ጅብ አድቅቆ ይበላዋል፤ ዓይነ ምድሩ ነጭ ሆኖ የሚደርቀውም የአጥንቱ ማዕድን ስለሚወጣበት ነው። ከጀጎል ውጭ ያን ነጭ ነገር ያየ ሰው ካልሲየም ፎስፌት ምን እንደሚመስል አይቷል።

ስጋቱ ቀላል አይደለም። በፀሐይ ደርቆ የተፈጨ አጥንት አትግዙ። ሳልሞኔላ በቀላሉ ያልፋል። ከዚያ የከፋው አባ ሰንጋ ነው፤ ዘሩ በመድረቅ አይሞትም፣ ሰውንም ይይዛል። ሜዳ ላይ የተገኘ አጥንት፣ ታሞ የሞተ ከብት አጥንት፣ ምንም ቢረክስ እጃችሁ አይንካው። በሐኪም ታይቶ ከታረደ ከብት የመጣውን ብቻ ውሰዱ።

ራሴ እሠራለሁ የሚል ሰው የተሻለው መንገድ ማቃጠል ነው። ይቀቅሉታል፣ ሥጋና ስቡን ይገፉታል፣ ያደርቁታል፣ በበርሜል እስኪነጣ ያቃጥሉታል። ጥቁር የቀረበት ገና ነው፣ ይመለስ። በደንብ የነጣ አጥንት በእጅ ይፈረካከሳል። አመዱ 16 በመቶ ያህል ፎስፈረስ ይይዛል፤ 1.7 ኪሎ ይበቃል። ጭሱና ሽታው ግን ጎረቤት ያጣላል፤ ሰፈር መሀል አይሞከርም። የማገዶውንም ዋጋ አትርሱ።

ዲሲፒና ኤምሲፒ

ዲሲፒ ማለት ዳይካልሲየም ፎስፌት ነው። ለመኖ የሚሸጠው 18 በመቶ ፎስፈረስና 23 በመቶ ገደማ ካልሲየም አለው። 1.3 ኪሎ በአንድ ኩንታል ጉድለቱን ይሞላል። ላይምስቶን ከ1.1 እስከ 1.2 ኪሎ ትጨምሩበታላችሁ። አይሸትም፣ ነቀዝ አይበላው፣ ሙቀት አይጎዳው። በአካፋ ለሚቀላቅል ሰው ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

ኤምሲፒ፣ ሞኖካልሲየም ፎስፌት፣ ጠንከር ይላል። 22.7 በመቶ ያህል ፎስፈረስ ስላለው አንድ ኪሎ ይበቃል። ሆድ ውስጥም በደንብ ይፈጫል። ካልሲየሙ ከ15 እስከ 17 በመቶ ስለሆነ ላይምስቶኑ ከፍ ይላል፤ እሱ ደግሞ እኛ ዘንድ ርካሽ ነው። ካገኛችሁትና በስሌቱ ካዋጣ ውሰዱት። እርጥበት ግን ስለሚስብ ጆንያውን አስራችሁ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ገበያው ተንኮል። መለያው ላይ ያለው ቁጥር የፎስፈረስ ነው ወይስ የ«ፒ2ኦ5»? ሁለተኛው ከሆነ በ0.44 አባዙት። 41 በመቶ ፒ2ኦ5 ማለት 18 በመቶ ፎስፈረስ ነው። «የእኔ 41 ነው፣ የእሱ 18 ነው» የሚል ሻጭ ያንኑ ዕቃ በሌላ ስም እየሸጠላችሁ ነው።

የአቼቶውን ነገር ልድገመው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ብርጭቆ ውስጥ አድርጉና አቼቶ አፍስሱበት። ላይምስቶን ይፈላል፣ አረፋ ይደፍቃል። ንጹሕ ዲሲፒ ዝም ይላል፤ አንዳንድ ትንንሽ አረፋ ቢታይ ችግር የለውም። ላይምስቶን አጠገቡ አድርጋችሁ ብታወዳድሩ ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል። ይህ ግን ድንጋዩን ብቻ ነው የሚያጋልጠው። ጄሶና አሸዋም አቼቶ ላይ ዝም ይላሉ። ብዙ ኩንታል ከገዛችሁ ላቦራቶሪ መላኩ ያዋጣል።

ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ ማዳበሪያስ? ይህን ጥያቄ ከአንድም ሦስት ሰው ሰምቻለሁ። «ፎስፈረስ አለበት አይደል?» አዎ አለበት። ለማሳ ነው የተሠራው። ፍሎሪንና ከባድ ብረት ሊኖረው ይችላል፣ አሞኒያም አለው። ለመኖ የሚሆን ፎስፌት ፍሎሪኑ እንዲቀነስ ይደረጋል፤ የተለመደው ገደብ ለ100 እጅ ፎስፈረስ ከ1 እጅ ፍሎሪን እንዳይበልጥ ነው። ማዳበሪያ ይህን ገደብ አያውቅም። እንደዚሁ ያልተጣራ የፎስፌት ድንጋይም ይቅርባችሁ።

ፋይቴዝ

ይህ ሌላ አካሄድ ነው። ፎስፈረስ ከመጨመር ይልቅ የታሰረውን መፍታት። በአንድ ኪሎ መኖ 500 ዩኒት (የኢንዛይሙ ኃይል መለኪያ) ሲገባ፣ በኩንታል ከ100 እስከ 120 ግራም ፎስፈረስ ያስለቅቃል። ጉድለታችን በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፤ ዲሲፒውን ከ1.3 ኪሎ ወደ 0.7 ታወርዱታላችሁ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ኩሱም ውስጥ የሚባክነው ይቀንሳል።

የሚከብደው አጠቃቀሙ ነው። በግራም 5,000 ዩኒት ያለው ምርት ከሆነ ለአንድ ኩንታል የሚበቃው 10 ግራም ነው። አሥር ግራም! መሬት ላይ በአካፋ የሚቀላቅል ሰው አንዱ ጥግ ሙሉውን ይሰጣል፣ ሌላው ጥግ ምንም። መጀመሪያ ከአንድ ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር፣ ከዚያ ከአሥር ኪሎ ጋር፣ ከዚያ ከሁሉም ጋር እያላችሁ መቀላቀል አለባችሁ። ሌላው ሙቀቱ ነው። ፋይቴዝ ኢንዛይም ነው፤ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ግንቦትና ሰኔን ካሳለፈ ኃይሉ ይወርዳል። ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፣ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፣ ትንሽ ትንሽ ግዙ። ላይምስቶን ማብዛትም ሥራውን ያዳክመዋል።

በነገራችን ላይ ጥሬ ፉርሽካ የራሱ ፋይቴዝ አለው። መኖው በከፍተኛ ሙቀት ካልተጠፈጠፈ ትንሽ ያግዛል። ፉርሽካ አብዝቼ ከፎስፈረስ ወጪ ልገላገል ማለት ግን አያስኬድም፤ ጉልበት የለውም፣ ቄቧ ሆዷን በገለባ ሞልታ ትቀራለች።

ስለ ኮንሰንትሬት፣ ማለትም ከእህል ጋር እንዲቀላቀል ተዘጋጅቶ ስለሚሸጠው መኖ፣ ብዙ የምለው የለኝም። ፎስፈረሱ ውስጡ ተሰልቶ ገብቷል። በመመሪያው መጠን ቀላቅሉ። እሱ ላይ ዲሲፒ የሚደርብ ሰው ገንዘቡን እየጣለ ነው።

| ምንጭ | ፎስፈረስ (በመቶ) | ካልሲየም (በመቶ) | በኩንታል የሚገባ | የሚያሳስበው |
|---|---|---|---|---|
| በእንፋሎት የበሰለ የአጥንት ዱቄት | 12–14 | 24–30 | 2.2 ኪሎ | ጀርም፣ የአጥንቱ ምንጭ |
| የነጣ የአጥንት አመድ | 16 ገደማ | ከፍተኛ | 1.7 ኪሎ | ጭስ፣ ማገዶ፣ ጉልበት |
| ዲሲፒ | 18 | 23 ገደማ | 1.3 ኪሎ | ድንጋይ የተቀላቀለበት |
| ኤምሲፒ | 22.7 ገደማ | 15–17 | 1 ኪሎ | እርጥበት፣ እንደ ልብ አለመገኘት |
| ፋይቴዝ ከዲሲፒ ጋር | የታሰረውን ይፈታል | ከዲሲፒው ብቻ | 10 ግራም እና 0.7 ኪሎ ዲሲፒ | ሙቀት፣ አቀላቀል |
| ላይምስቶን | የለውም ማለት ይቻላል | 36–38 | ለካልሲየም ብቻ | በዲሲፒ ስም መሸጡ |

ታዲያ ማን ምን ይግዛ?

ሃምሳ ዶሮ ይዛችሁ ራስ ምታት አትግዙ። የተዘጋጀ የቄብ መኖ ወይም ኮንሰንትሬት ውሰዱ። የምታተርፉት ብር ለሚዛኑ እንኳ አይበቃም።

ከ200 እስከ 1,000 ቄብ ያለው፣ በአካፋ የሚቀላቅል ሰው ዲሲፒ ይግዛ። እኔም ወደዚያው ነው የተመለስኩት። ገንዘብ አጥሮት ከሆነ ከሌላው ይቀንስ እንጂ ከጫጩቱ የመጀመሪያ 6 ሳምንት ላይ አይቀንስ፤ ያኔ የተጣመመ እግር በኋላ አይቃናም።

መቀላቀያ ማሽንና ቀዝቃዛ መጋዘን ያለው፣ ዶሮው ከሺህ ያለፈ አርቢ ፋይቴዝን ይሞክር። በተለይ ሐረርና ዙሪያዋ አየሩ ስለሚያግዝ። መጀመሪያ አንድ ቤት ላይ ብቻ ጀምሩና እግርና ክብደታቸውን ከሌላው ቤት ጋር አስተያዩ።

አጥንት የሚያዋጣው ቄራ አጠገብ ቦታ ላለው፣ ከሰፈር ራቅ ላለ ሰው ነው። ሦስት አራት አርቢ ሆናችሁ አንድ ላይ ብታቃጥሉት ይሻላል።

አሳማስ ለሚል፣ ድሬና ሐረር ላይ እምብዛም አርቢ ባይኖርም ስሌቱ ያው ነው። ያው የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሰሌዳ፣ ከ25 እስከ 50 ኪሎ ለሆነ አሳማ ጠቅላላ ፎስፈረስ 0.56 በመቶ፣ ከዚያ የሚፈጨው 0.31 ይሁን ይላል። ከ75 እስከ 100 ኪሎ ሲደርስ 0.47 እና 0.24 ይሆናል። እያደገ ሲሄድ በመቶኛው ይቀንሳል፤ ዲሲፒውም አብሮ ይቀንሳል።

ሰንጋና ሙክት የምታደልቡ ግን ይህን ሰሌዳ ዝጉት። የሚያመሰኳ እንስሳ ሆዱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ፋይቴቱን ይፈቱለታል። ፉርሽካ ላይ የተያዘ ሙክት ፎስፈረስ በዝቶበት ሽንቱ በጠጠር ሊዘጋ ይችላል። ለእሱ ዲሲፒ አይደለም፣ ያው የተትረፈረፈ ላይምስቶናችን ነው የሚያስፈልገው።

የእኔን ቄቦች የጠየቀ ካለ፣ ትክክለኛውን ዲሲፒ ከቀየርኩላቸው በኋላ አብዛኞቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተነሱ። ዘጠኙ አልተነሱም። አቼቶው ጠርሙስ አሁን ከሚዛኑ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ አዲስ ጆንያ ሲገባ መኖ ውስጥ ከመጨመራችን በፊት አንድ ማንኪያ ጨልፈን እንሞክረዋለን።